ያልተላከው ማረጋገጫ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተሐና፣ ጀርመን አገር፣ ካሰል ከተማ።

የአንኮበሯ ማርያም ጥላዋን ከራስሽ ላይ አታንሣው። አንቺም ቤትሽም ሥራሽም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከብርዱ በቀር ክፉ አልነካንም። እናትሽ እማሆይ ፍቅርተማርያም ደህና ናቸው። ዓይናቸው ከፊደል ጋር ተለያየ እንጂ እጃቸው አሁንም እንዝርት አይስትም። ጆሯቸው ግን እየራቀ ሄዷል። ባለፈው ስትደውዪ «ማን ናት?» እያሉ ስልኩን የመለሱልኝ በስልክ የሚመጣ ድምፅ ስለማይሰማቸው ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ። ኢንተርኔቱም ከተቋረጠብን ሰነበተ። ስለዚህ ከእንግዲህ ጻፊ፤ እኔ ጆሯቸው ሥር ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ዘርአ ዳዊት ነው ምንጣፍ ሊያደርስ አዲስ አበባ ሲሄድ ፖስታ ቤት የሚጥልልኝ።

በሰው የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶናል። ከአዲሶቹ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖችሽ ፊት ነጭ ሸሚዝ ለብሰሽ ቆመሻል። ኤሌክትሪክና ውኃ የሚቆጥብ ማሽን ለሚገዛ አነስተኛ ነጋዴ መንግሥት ግማሹን ይከፍላል፤ ለእኔም ከፈለልኝ ብለሽ ከጀርባው ጽፈሻል። እውነቱን ልንገርሽ? ለእማሆይ እየሣቅሁ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወጣሁና ከማቅለሚያ በርሜሌ ፊት ቆሜ ቀናሁ። እንደ ሕፃን ቀናሁብሽ።

የእኔን ማቅለሚያ ቤት አላየሽውም። በበሬሳ ወንዝ ዳር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። በቀን አንድ የአህያ ጭነት ባሕር ዛፍ እናነዳለን፤ ጭሱ ዓይናችንን ጨረሰው። የበግ ፀጉሩን አጥበን፣ ከገበያ በምንገዛው የዱቄት ቀለም ነክረን፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስና ምንጣፍ እንሠራለን። ትራፊው ውኃ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ በቦይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከታች ከብት የሚያጠጡት ሰዎች ከሰሱኝ። ቀበሌውም በአንድ ዓመት ውስጥ ውኃውን ካላስተካከልኩ ቤቱ እንደሚታሸግ በደብዳቤ አስታውቆኛል። ልክ ናቸው፤ ከብት ቢኖረኝ እኔም ከዚያ ውኃ አላጠጣም። ግን በምኔ ላስተካክለው? አብረውኝ አምስት ሴቶች ይሠራሉ። አንዷ ይታይሽ የምትባል፣ ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ የገባች የሦስት ልጆች እናት ናት። ቤቱ ቢታሸግ መጀመሪያ የማስበው እሷን ነው።

ለአንቺ መንግሥት ማሽን ሲገዛ፣ ለእኔ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል ብዬ ተማርሬ ነበር። እስቲ እንዴት እንዳገኘሽው ጻፊልኝ። ባይጠቅመኝም አውቀዋለሁ።

እህትሽ ሠናይት


ካሰል፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠናይት።

የአያታችን የመሪጌታ ጸሎት በያለንበት ይከተለን። ደብዳቤሽ በሰባተኛው ሳምንት ደረሰኝ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ሱቄን ዘግቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቅናትሽ አላስቀየመኝም። አሥራ አራት ዓመት የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ማንም ቀንቶብኝ አያውቅም፤ አሁን አንድ ሰው ቢቀና ምን አለበት። ድጋፉን ያገኘሁት ግን ተኝቼ አይደለም። መጀመሪያ ከከተማው የመጣ አማካሪ አሮጌዎቹ ማሽኖች የሚበሉትን ኤሌክትሪክና ውኃ ለካ። ከዚያ ሃያ ሁለት ገጽ ቅጽ በጀርመንኛ ሞላሁ፤ ብቻዬን። ሲፈቀድልኝ የከተማው ጋዜጣ ፎቶዬን አወጣው። ቆርጬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ለእናቴ አሳዪያት። አሁን ደግሞ በጣሪያዬ ላይ የፀሐይ ኃይል ለመትከል ሁለተኛ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

ስለ አንቺ ሥራ የምለውን በክፉ አትይብኝ። የሚያዛልቅ አይመስለኝም። የዱቄቱ ቀለም ሳንባ ይጎዳል፣ ወንዙም ያሳስራል። ዘግተሽ ትንሽ ሱቅ ብትከፍቺ እረዳሻለሁ። የላክሽልኝን ሁለት ባና ግን ደንበኞቼ ወደዋቸዋል። አንዲት ሴትዮ ገዝታ ሄዳ፣ ሌላ እንዳለኝ ጠይቃኛለች።

አንድ ነገር ልለምንሽ። «ደህና ናቸው» እያልሽ አትለፊኝ። እናቴ ስለ እኔ የምትለውን ቃል በቃል ጻፊልኝ። ከአንድ ቤት ያደግን የእህትማማች ልጆች ነን፤ እኔ የሌለሁበትን ቤት አንቺ ነሽ የምታይልኝ።

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተሐና።

ከጥምቀት በረከት ድርሻሽ ይድረስሽ። ቃል በቃል ባልሽው መሠረት፦ እማሆይ ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ አዩትና «ከስታለች» አሉ። ሌላ አላሉም። ከመጽሐፋቸው ውስጥ ግን አስቀምጠውታል።

አሁን የምሥራቼን ስሚ። የአነስተኛ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤት ሰብስቦን ነበር። ብርሃነ መስቀል የሚባል ወጣት ባለሙያ ቆሞ መመሪያውን አነበበልን። ማገዶ የሚያነድዱ፣ ውኃ የሚያቆሽሹ አነስተኛ ድርጅቶች ወደ አረንጓዴ አሠራር እንዲዞሩ መንግሥት ድጋፍ አዘጋጅቷል አለን። ዳቦ ቤት፣ ቆዳ ፋቂ፣ እንደ እኔ ያለ ቀለም ነካሪ ሁሉ ይወዳደራል። ለተመረጠው ውኃ በፀሐይ የሚያሞቅ መሣሪያ ይተከልለታል፤ ቆሻሻውን ውኃ የሚያጠራ ገንዳ ይሠራለታል፤ ለሁለት ዓመትም ከግብር እፎይታ ያገኛል። ስልሳ ሦስት ነን፤ የሚመረጡት ዐሥራ አንድ ናቸው። እኔም ቅጹን ወሰድኩ፤ የእኔ ዘጠኝ ገጽ ነው።

የዱቄት ቀለሙን መተው ግዴታ ስለሆነ ጨንቆኝ ነበር። እማሆይ «ድሮ አንኮበር በምን ነበር የምናቀልመው?» አሉና ተነሡ። በዚህ ዕድሜያቸው አንኮበር ወሰዱኝ። መቅመቆ በየት በኩል እንደሚበቅል፣ ሥሩ መቼ እንደሚቆፈር፣ እንሶስላው ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ አሳዩኝ። የመቅመቆው ቢጫ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ብታዪው! ማታ እጄን ይዘው አዩትና «ልጄ፣ እጅሽ ቁርጥ የእናቴን እጅ ይመስላል» አሉኝ። እኔ እናቴን በሕፃንነቴ ቀብሬ፣ እንዲህ ያለኝ ሰው ስለሌለ አለቀስኩ።

ገንዘብ አይደለም የምለምንሽ። መሥፈርቱ የታወቀ ገዢ ያለው ይቀድማል ይላል። «በዓመት ይህን ያህል ባና ለሱቄ እገዛለሁ» ብለሽ በድርጅትሽ ማኅተም አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ። የምትችዪውን ያህል ብቻ። እንደ አንቺ ለመሆን የቀረኝ ይኸው ነው።

እህትሽ ሠናይት


ካሰል፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሠናይት።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። የጠየቅሽው ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። በዓመት አርባ ባና እገዛለሁ ብያለሁ፤ በአራት ቅጂ አዘጋጅቼ ማኅተሜን አድርጌበታለሁ።

ስለ አንኮበሩ ጉዞ የጻፍሽውን አነበብኩ። እኔን መቅመቆ ቆፍሪ ብላኝ አታውቅም። «አንቺ ትምህርትሽን ያዢ» እያለች ከማድ ቤትም ከእንዝርቱም ታባርረኝ ነበር። ያን ጊዜ ማዳላት ይመስለኝ ነበር፤ ለእኔ ያደላች። አሁን ግን ሳስበው፣ ያልሰጠችኝን ለአንቺ እየሰጠች መሆኑ ገባኝ። «ልጄ» ማለቷም መልካም ነው።

አሁን የምጽፈውን ሳትዘልዪ አንብቢላት። እናቴን ወደዚህ ልወስዳት እፈልጋለሁ። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ትምጣ። ለጆሮዋ የሚሆን መሣሪያ እዚህ አለ፤ ሐኪሙን አነጋግሬ ቀጠሮ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። መሣሪያው ሲገጠምላት በስልክም እንሰማማለን። ለብቻዋ የሚሆን ክፍል ቀለም ቀብቻለሁ። እሺ ካለች ፓስፖርቷን አስጀምሪላት።

ምን እንዳለች ቃል በቃል።

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተሐና።

በትንሣኤው ብርሃን ቤትሽ ይሙላ። ደብዳቤሽ ሕማማት ሊገባ ሲል ደረሰኝ፤ ማኅተሙን ሳየው ደረቴ ላይ አጣብቄ ነበር የያዝኩት። ብድርሽን ጌታ ይክፈልልኝ።

የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፍኩ። አምስት የኮሚቴ አባላት ከነካሜራቸው መጥተው ማቅለሚያ ቤቱን አዩ። እማሆይ ናቸው የተናገሩት። የመቅመቆውን ድስት ከፍተው «ይህንን ውኃ ከብት ቢጠጣው ሆዱን ያጥብለታል እንጂ አይገድለውም» አሉ፤ ሰዎቹ ሣቁ። ይታይሽም የሸመነችውን ባና ዘርግታ አሳየች። ሲወጡ ብርሃነ መስቀል ቀረብ ብሎ ከተመራጮቹ መካከል እንደምሆን ጠቆም አደረገኝ።

አንድ ነገር ቀርቷል። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሮ ገዢዎቹን ራሱ ያጣራል። ለአንቺም በኢሜይል መልእክት ይልክልሻል፤ «አዎ፣ እገዛለሁ» ብለሽ በሦስት ሳምንት ውስጥ መመለስ ብቻ ነው። አደራሽን፤ ቶሎ እንዲደርስሽ ይህን በመንገደኛ እጅ ልኬዋለሁ።

ስለ ጀርመኑ ጉዳይ አንብቤላቸዋለሁ። «በስተርጅና ሰው አገር ሄጄ ምን ልሠራ፤ እዚሁ ከሠናይት ጋር ይሻለኛል» ብለዋል። ቅር አይበልሽ፤ ሰው ሲያረጅ መንገድ ይፈራል።

እህትሽ ሠናይት


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተሐና።

ጤና ነሽ ወይ? ያለ ወትሮሽ ዝም አልሽ። ወደ ስልክሽም ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ብርሃነ መስቀል ከጀርመን መልስ አልመጣም ይላል። ቀነ ገደቡን በአሥር ቀን አራዝመውልኛል። ዘርአ ዳዊት ለአንድ ወደ ፍራንክፈርት ለሚበር መንገደኛ ይህን ወረቀት ሊሰጥልኝ ነው። በእግዚአብሔር ስም፣ መልእክቱን ፈልጊው።

ሠናይት


ካሰል፣ ሐምሌ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሠናይት።

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ታምሜ ነበር፤ ትንሽ ነው፣ አታስቢ። ከአዲስ አበባ ደረሰ የምትዪው መልእክት እኔ ዘንድ የለም። የማይፈለግ መልእክት የሚጣልበት ቦታ ገብቶ ይሆናል።

የእኔ ሁለተኛ ማመልከቻ ሳይፈቀድ ቀረ። የዓመቱ በጀት አልቋል ተባልኩ። በአጠገቤ ያለው ጫማ ሰፊ ተፈቅዶለት ጣሪያው ላይ ሲተክሉለት በመስኮት እያየሁ ነው። አንቺ ዘንድ ግን ካሜራ እየመጣ ነው። ደስ ይበልሽ።

እናቴ እዚያ ከተሻላት፣ ክፍሉን ለተማሪ አከራየዋለሁ።

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተሐና።

አዲሱ ዓመት ከአሮጌው ይሻልልሽ። መታመምሽን ሰምተን ተጨነቅን፤ እማሆይ ጳጉሜን በጸበል ያሳለፉት ለአንቺ ነው።

ውጤቱ ወጣ። እኔ አልተመረጥኩም። ብርሃነ መስቀል አስቀምጦ አስረዳኝ፦ አሥረኛ ነበርኩ። የገዢው ማረጋገጫ ስለጎደለ ነጥቤ ተቀንሶ ዐሥራ ሁለተኛ ሆንኩ። በዐሥራ አንደኛነት የገባው ምህረቱ ነው፤ ከእኛ መንገድ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምድጃ ተተከለለት። ጠዋት ጠዋት ስወጣ የጭስ ማውጫውን አያለሁ፤ ጭስ የለውም። ምህረቱ ምን በደለኝ? ደግ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ዳቦ ጠቅልሎ ላከልን። እኔ ግን ድርሻዬን ለይታይሽ ልጆች ላክሁት። በአንቺ የቀናሁት ቅናት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳስብ ሌሊቱ ይነጋል። የኢሜይል አድራሻሽን ቅጹ ላይ የጻፍኩት በእጄ ነው፤ አንድ ፊደል አሳስቼ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ አንቺንም በከንቱ አስጨነቅሁሽ፤ ይቅር በዪኝ።

ቀበሌው የሰጠኝ ቀን እየተጠናቀቀ ነው። አራቱን ሴቶች አሰናበትኩ። ይታይሽ «ያለ ደመወዝም ቢሆን እመጣለሁ» ብላ አልሄድም አለች። አሁን እሷና እኔ ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው፤ በድንጋይ፣ በአሸዋና በከሰል ውኃውን እናጠራለን ብለን። እማሆይ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ከሰሉን ይፈጫሉ።

ይህን ስጽፍ እማሆይ «ምን ብለሽ ጻፍሽላት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «አንድ ነገር ጨምሪልኝ፤ ‹ወለተሐና፣ መልእክቱ ደርሶሽ ነበር ወይ?› በዪልኝ» አሉ። ለምን እንዲህ እንዳሉ አልገባኝም። ቃል በቃል ስላልሽኝ ጻፍኩት።

እህትሽ ሠናይት


ካሰል፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠናይት።

ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም። ለእናቴ ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። ደርሶኝ ነበር።

አድራሻውን አላሳሳትሽም። ሦስት ጊዜ ተልኮልኛል። የመጀመሪያው የመጣው የግንቦቱ ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ ነበር። «ይህን ግዢ ያረጋግጣሉ?» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፦ አዎ፣ አይደለም። አንዱን መንካት ብቻ ነበር። ጣቴን አስጠጋሁና እናቴ «ከሠናይት ጋር ይሻለኛል» ማለቷ ትዝ አለኝ። ነገ ብዬ ዘጋሁት። በሁለተኛው ጊዜም ዘጋሁት። ሦስተኛው የመጣው የእኔ ማመልከቻ ውድቅ በሆነበት ሳምንት ነው። ያን ቀን አጠፋሁት። አልታመምኩም ነበር። ስልኩ ሲጠራም ቁጥርሽን እያየሁ ነው የተቀመጥኩት።

ምን እንደመሰለኝ ልንገርሽ። አንቺ ስትቀኚብኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የለፋሁት ለምን እንደሆነ የነገረኝ ያ ደብዳቤሽ ነው። ከዚያ አንቺም የፀሐይ ማሞቂያውን፣ ካሜራውን፣ ሁሉን ልታገኚ ሆነ። እናቴንም ይዘሻል። እኔ ምን ቀረኝ? እዚህ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለኝ። ማሽን ደግሞ «ልጄ» አይልም።

አንቺ ደግሞ ይቅር በዪኝ ብለሽ ጻፍሽ። ያንን መስመር ሳነብ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ነበረ፤ ጓዳ ገብቼ እስኪሄድ ጠበቅሁ።

ለአዲስ አበባው ቢሮ እውነቱን ጽፌያለሁ፤ ጥፋቱ የአመልካቿ ሳይሆን የእኔ ነው ብዬ። ዘንድሮ ምንም ማድረግ አንችልም፣ በሚመጣው ዙር መልሳ ታመልክት አሉኝ። ያንቺ ሴቶች ደመወዝ እንዲሆን ገንዘብ ልልክ ነበር፤ ደመወዛቸውን እኔው ቆርጬ እኔው ብልክላቸው ምን የሚሉት ደግነት ነው ብዬ ተውኩት። ለእናቴ አንብቢላት። አትደብቂልኝ።

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወለተሐና፤

እትዬ አላልኩሽም፤ ለዛሬ ይለፈኝ። በሕይወት መኖርሽን ግን ፈጣሪ አያሳጣን።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ጉድጓዱን ስቆፍር ዋልኩ። ይታይሽ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ነገርኳት። እሷ ቤቷንና ከብቷን ጥላ የመጣች ሴት ናት፤ ትረግምሻለች ብዬ ስጠብቅ «እሷስ ተናዘዘች» አለችኝና አካፋዋን አነሣች። ያ ቃል ወደ እኔ ዞረ። እኔ የምናዘዘው ስለነበረኝ።

የጀርመኑን ነገር ለእማሆይ አላነበብኩላቸውም ነበር።

ስለ ክፍሉም፣ ስለ ሐኪሙም፣ ስለ ጆሮ መሣሪያውም አንድ ቃል አልነገርኳቸውም። እዚያ ስደርስ ዘለልኩት። «ከሠናይት ጋር ይሻለኛል» የሚለውን እሳቸው አላሉም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ቀናሁ። አንቺ አገሩም፣ ማሽኑም፣ ጋዜጣውም አለሽ፤ በሕይወቴ አንድ ሰው «ልጄ» ቢለኝ እሱንም ልትወስጂብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። አንቺን ከዚያ ሳጥን ላይ ጣትሽን ያስነሣሽ የእኔ ውሸት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው ስጮኽ ከረምኩ። እማሆይ ከእኔና ካንቺ የማይሰሙት ብዙ ነው፤ ግማሹ የእኔ ሥራ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አወጣሁ። ጆሯቸው ሥር ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ምንም አልዘለልኩም። የእኔንም መልሶች የማስታውሰውን ያህል ነገርኳቸው። እየፈተሉ ነው የሰሙኝ። ስጨርስ እንዝርቱን አስቀመጡት።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ደብዳቤዎቹን አጣጥፌ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«አንዷ ክፍል ቀለም ትቀባልኛለች፣ አንዷ በእኔ አፍ ትናገራለች። እንደ አባት መሬት ተካፈላችሁኝ። በዚህ መካከል እነዚያ ሴቶች እንጀራቸው ተቋረጠ። እኔ ገና አልሞትኩም፤ ምነው ቸኮላችሁ?»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ፤ አልቆጡኝም። ግን በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው አንኮበር ወረዱ። ማርያም ደጅ ካሉት መነኮሳይት ዘንድ ነው የሚቀመጡት። ልሸኛቸው ስል «ብቻሽን አትምጪ። ሁለታችሁ አንድ ላይ ስትመጡ ጀርመን እሄድ እንደሆነ፣ እዚሁ እቀር እንደሆነ ያን ጊዜ በራሴ አፍ እነግራችኋለሁ» አሉኝ። ቤቱ ባዶ ሆነ። እነሆ፣ አንቺም አላገኘሻቸው፣ እኔም አጣኋቸው።

ጉድጓዱ ተጠናቀቀ። የቀበሌው ሰዎች መጥተው ከታች የሚወጣውን ውኃ በብርጭቆ ቀድተው አዩት። መቅመቆውን ብቻ እስከተጠቀምኩ ድረስ በትንሹ እንድሠራ ፈቅደውልኛል። አንዷን ሴት መልሼአለሁ። ባሕር ዛፉን አሁንም አነዳለሁ፣ ጭሱም አለ፤ ምህረቱን ሳይ ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ። በሚያዝያ ሁለተኛው ዙር ይከፈታል፤ አመለክታለሁ። አንኮበር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለክፍሎቹ ባና ሊገዛኝ ቃል ገብቷል። የአንቺን አልጠየቅሁም፤ ይህን የምልሽ ልጎዳሽ አይደለም፣ ማረጋገጫው በመካከላችን እንዳይገባ ብዬ ነው።

ዘርአ ዳዊት መንገዱ ሰላም ነው ይላል። ለጥር ማርያም ብትደርሺ ደብረ ብርሃን ላይ እቀበልሻለሁ፤ ከዚያ አንኮበር አብረን እንወርዳለን። ወፍራም ልብስ ያዢ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አነሣሁ። እጄ እምቢ አለኝ። አንቺም ይቅር ብዬሻለሁ ብለሽ አትጻፊልኝ። ወረቀት ላይ መዋሸት ለሁለታችንም ቀሎን ነበር፤ ይቅርታውን ወረቀት ላይ አንጨርሰው። ነዪ።

ሠናይት